ሐረጎን የወረደው እንግሊዝኛዬ

በእንግሊዝኛ አፌን የፈታሁት ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሌላው ሰው ቋንቋ የሚለምደው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ወይም አገር አቋርጦ ነው አሉ። እኔ የለመድኩት ከደሴ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ፣ ከሹፌሩ ጀርባ፣ መስኮቱ አልዘጋ ባለ ወንበር ላይ ነው። የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ እኔም ዘግይቼ ነው እንጂ ስቄበታለሁ።

ማንበቡ አላቃተኝም። ማንበብማ ነፍሴ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል በሚያስፈትኑበት ዕድሜ፣ በማታ ትምህርት ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ደግሞ አንድ ክፉ አመል ያወጣል፤ የተማረውን ሁሉ አጥብቆ ይይዛል። ኮምቦልቻ የምሠራበት የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በር ላይ «ፎቶ ኮፒ እናነሳለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። የሚነሳው ፎቶ ነው፣ ኮፒ ይደረጋል እንጂ አይነሳም ብዬ ከአሠሪዬ ጋር ስከራከር ሰነበትኩ። ማስታወቂያው አልተነሳም። እኔም ከዚያ ወዲህ ሱቁ የምገባው አቀርቅሬ ነው።

ታዲያ ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ፣ እዚያው ኮምቦልቻ ያለ አንድ ልብስ የሚሰፋ ፋብሪካ ለዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ፈለገ። ዕቃ በየቦታው ማስቀመጥ፣ ሲጠየቁ ያለበትን መናገር። እስቲ አስቡት! እኔ በሰው ቤት እንኳ በእንግድነት ስቀመጥ የተዘበራረቀ ብርጭቆ አይቼ እጄ የሚበላኝ ሰው ነኝ። ለዚህ ደመወዝ ይከፈላል ሲባል ማመን አቃተኝ። ችግሩ ኃላፊው የውጭ አገር ሰው ነው፣ የቃል ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። አመለከትኩ። ወረቀቴ አለፈ። ለቃል ፈተናው ሁለት ወር ያህል ቀረኝ፤ ምላሴ ግን ከእኔ ጋር አላመለከተችም። በዓይኔ የማውቀው እንግሊዝኛ ጉሮሮዬ ጋ ሲደርስ ጫማውን አውልቆ ይቀመጣል።

የማታ ትምህርት ቤት መምህሬን አማከርኳቸው።

«ግምጃ ቤት አይደለም እንዴ?» አሉኝ። «ሁለት ነገር ይበቃሻል፤ ማን እና የት። ተውላጠ ስሙን አስቀድሚ፣ መስተዋድዱን አስከትይ፣ ቦታውን ጨምሪ፣ አለቀ። ሂ ኢዝ ኢን ዘ ሩም፣ እሱ ክፍሉ ውስጥ ነው። ሺ ኢዝ አት ዘ ዶር፣ እሷ በሩ ጋ ናት። መንገድ ላይ ያየሽውን ሁሉ እንዲህ እያልሽ ሂጂ። ግን በድምፅ! በልብሽ ያልሽው አይቆጠርም። ደግሞ ያልሆነውን ነው አትበይ። ውሸት የለመደ አፍ ፈተና ላይ ይደናገራል።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። ነገሩ ለጆሮ ሲቀል! አማርኛ ጨዋ ነው፤ «ቤት ውስጥ ነው» ስንል መጀመሪያ ቤቱን ከፍተን፣ ቦታ አዘጋጅተን ነው ሰውየውን የምናስገባው። እንግሊዝኛ ግን «ሂ» ብሎ ሰውየውን ደጅ ላይ ካቆመው በኋላ ነው ማረፊያ የሚፈልግለት። ይህንንስ ለመድኩት። ያቃተኝ አክብሮቱ ነው። እንግሊዝኛ «እርስዎ» የለውም፣ «እሳቸው» የለውም። የተከበሩ ሽማግሌም የሰፈሩ ዱርዬም እኩል «ሂ» ናቸው። አንድ የቤተ ክህነት ሰው አይቼ «ሂ» ልል ስል ጀርባዬን ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ ዘዴ አገኘሁ። ለታላቅ ሰው «ሂ» ወይም «ሺ» ስል አንገቴን ትንሽ ሰበር አደርጋለሁ። ቋንቋው ያጎደለውን እኔ በአንገቴ ሞላሁት። ጉዴን ያመጣችውም ይህች ዘዴ ናት።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከደሴ መናኸሪያ ስንወጣ ጭጋግ ነበር። ሐረጎን ለማታውቁ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርድ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው፤ በአንድ ወገን ተራራ፣ በአንድ ወገን ገደል፣ መሐል ላይ ሹፌሩ በስልክ የሚጨዋወትበት መንገድ። ሰው ሁሉ እዚያ ሲደርስ ዝም ይላል። እኔ ዓይኔን ዝቅ አድርጌ፣ መዳፎቼን ጉልበቴ ላይ መጽሐፍ እንደያዘ ሰው ዘርግቼ፣ በለሆሳስ ጀመርኩ።

«ዊ አር ኢን ዘ ካር።» እኛ መኪናው ውስጥ ነን። እውነት ነው።

አጠገቤ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ኋላ እንደተዋወቅነው ሀጂ ይመር ይባላሉ፣ ኮምቦልቻ ጨርቅ ይሸጣሉ። «ሂ ኢዝ ኒር ሚ» አልኩ፤ እሳቸው አጠገቤ ናቸው። አንገቴንም ሰበር አደረግሁ።

«አሚን» አሉ ሀጂ።

ደነገጥኩ። ለሌላ ነገር ይሆናል ብዬ ቀጠልኩ። ከኋላዬ ማተብ ያሰሩ፣ ዘንቢል ታቅፈው የተቀመጡ እናት አሉ፤ እማማ አስካለ ናቸው። «ሺ ኢዝ ቢሃይንድ ሚ።» እሳቸው ከኋላዬ ናቸው። አንገቴ ሰበር።

«አሜን፣ አሜን» አሉ እማማ አስካለ፤ ጋቢያቸውን ሲያስተካክሉ ሰማሁ።

ዳር ዳሩን እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ይወጣሉ። «ዘይ አር ኦን ዘ ሮድ» አልኩ። እነሱ መንገድ ላይ ናቸው።

«አሚን!» አለ መኪናው በሙሉ፤ ሹፌሩ ሽኩር ስልኩን ዘግቶ ጭምር።

እዚህ ላይ የአገሬን ሰው ነገር መናገር አለብኝ። ወሎ ውስጥ አንድ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ መዳፉን ዘርግቶ፣ ማንም የማይገባውን ነገር ካጉተመተመ፣ መጀመሪያ አሚን ይባላል። ምን አልክ፣ በማን ስም አልክ፣ የየትኛው ነህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ዱዓም ሆነ ጸሎት ለሰማው ሁሉ ይደርሳል፤ የሚደርስን ነገር ደግሞ እጁን ኪሱ ከቶ የሚያሳልፍ ጤነኛ ሰው የለም።

በዚያው ቀን «ኧረ ይህ እንግሊዝኛ ነው» ብዬ ማረም ነበረብኝ። አዎ፣ ነበረብኝ። የአንድ ሱቅ ማስታወቂያ ለማረም ስንት ጉልበት ያባከንኩ ሴት፣ መኪና ሙሉ ሰው ስህተት ላይ ተቀምጦ አየሁና ዝም አልኩ። በሰው ፊት ለመናገር የሚያስፈልገው ድፍረት እንኳን በእንግሊዝኛ በአማርኛም የለኝም። ደግሞ መልመዱን ልተወው? ከቤት ወጥቼ ሱቅ እስክገባ ያለችኝ ነፃ ጊዜ እሷው መንገድ ናት። በማግስቱም ያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ በማግስቱም አሚን ተባለ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከእጄ ወጣ። ሽኩር ከጀርባው ያለችውን ወንበር ለእኔ ያስቀምጥ ጀመር። ሌላ ሰው ሊቀመጥባት ሲል «ተነስ፣ የእሷ ናት» ይለዋል።

«ማናት እሷ?»

«ዝም ብለህ ተነስ። ሐረጎ ላይ ይገባሃል።»

ሀጂ ይመር ደግሞ ጆሯቸው ትንሽ ከብዷል። «ልጄ፣ ድምጥሽን ከፍ አርጊው እንጂ! ለራስሽ ብቻ ነው እንዴ?» ይሉኛል። ከፍ አደረግሁ። «ትንሽ ጨምሪ፣ አብሽሪ!» ጨመርኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ጮክ ብዬ የተናገርኩበትን ቀን አላስታውስም።

ቀጥሎ ልመናው መጣ። እማማ አስካለ አንድ ቀን ትከሻዬን ነካ አደረጉኝና «አንቺዬ፣ ልጄ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ጅቡቲ ነው የሚመላለሰው። ለሱም በይልኝ» አሉ። ጭንቅ ነው! የመምህሬ ሕግ አለ፤ ያልሆነውን አልልም። ሰላም ገብቷል አልል ነገር አላየሁት።

«አሁን የት ነው?» አልኳቸው።

«የት ይሆናል? መንገድ ላይ ነዋ!»

ተገላገልኩ። «ሂ ኢዝ ኦን ዘ ሮድ!» አልኩ። እማማ አስካለ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አንዱ በግ ገዝቶ ከላይ አስጭኗል፤ «ኢት ኢዝ ኦን ዘ ካር።» አንዷ ዶሮ ይዛለች፤ «ኢት ኢዝ አንደር ዘ ሲት።» ዶሮዋ ወንበሩ ሥር ናት፤ አሚን። ገብርኤል ምስክሬ ነው፣ አንድም ሐሰት አልተናገርኩም። አንዲት ነፍሰ ጡር እጄን ይዛ ሆዷ ላይ ስታኖረው ግን ተውላጠ ስሙ ጠፋኝ። ሂ ልበል ሺ? ያላወቅሁትን አልልም። «ኢት» ማለት ደግሞ ለሰው ልጅ ነውር ነው። መኪናው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። በመጨረሻ «ዘይ አር ኢን ኸር!» አልኩ፣ ብዙ ቁጥር ማንንም አያስቀይምም ብዬ። ልጅቱ ከወራት በኋላ መንታ ወለደች። ይህ በእኔ የመጣ እንዳልሆነ ለማስረዳት ያልደከምኩት ድካም የለም፤ የሚሰማኝ አላገኘሁም።

መናኸሪያው ውስጥ ዝናዬ ወጣ። ሌሎች ሹፌሮች ቅር አላቸው፤ ሰዉ የሽኩር መኪና እስኪሞላ ይጠብቅና ወደ እነሱ አይሄድም። አንዱ ተራ አስከባሪውን «ወይ ተራ ይውጣላት፣ ወይ ለእኛም ትዙርልን» ብሎ ከሰሰ። ሱቅ ድረስ የመጣም ነበር። ላሜ መኖ አልበላ አለችኝ ያለ ገበሬ አሠሪዬን «ሴትዮዋን ለግማሽ ቀን ስጠኝ» ብሎ ለመነው። አሠሪዬ ግራ ገብቶት «ፎቶ ኮፒ ነው የምታነሳው እኮ» አለ። እዚህ ላይ እንኳ «የምታደርገው» ብዬ አረምኩት።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ቀጠሮዬ ለሦስት ሰዓት ነው፤ ካረፈድኩ ስሜ ይሰረዛል ተብሏል። የትምህርት ማስረጃዎቼንና ስልኬን በጨርቅ ቦርሳ አድርጌ፣ ከወንበሬ ሥር ከትቼ፣ ቁጭ አልኩ። ሁለት ወር የለፋሁበት እንግሊዝኛ ግን እልም ብሏል። ሐረጎ አናት ላይ ደረስን። ጭጋጉ የመኪናውን አፍንጫ እንኳ አያሳይም። እኔ ዝም።

ሽኩር ቀስ አለ። በመስታወት አየኝ። ቀጥሎ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመው።

«ምነው?» አልኩት።

«አልጀመርሽማ።»

«ሽኩር፣ ዛሬ ይለፈኝ። ይረፍድብኛል፣ ንዳው።»

«ዛሬ? እንዲህ ባለ ጭጋግ? ወላሂ አልነዳም።»

«እንዴት ይነዳል!» አሉ እማማ አስካለ። «ልጄ ዛሬ ሚሌን እያለፈ ነው።»

ሰዓቱ ይሄዳል። ግምጃ ቤቱ ዓይኔ ላይ መጣ፤ መደርደሪያዎቹ፣ በየቦታው የተደረደሩት ጥቅሎች፣ እኔ የሌለሁበት። እንባዬ መጣ፤ ከእንባው ጋር ድምፅም መጣ።

«ዱዓ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «ጸሎትም አይደለም! እንግሊዝኛ ነው! ዛሬ ለሥራ በእንግሊዝኛ እፈተናለሁ፣ ስለማመድ ነው የኖርኩት። በስህተት ነው አሚን ያላችሁኝ። አፍሬ ነው ያልነገርኳችሁ። አሁን እባካችሁ ይንዳው!»

ቀድመው የተናገሩት ሀጂ ይመር ናቸው።

«እንግሊዝኛ? እኔኮ ግዕዝ መስሎኝ ነው» አሉ። «የክርስቲያን ወገን ናት፣ በራሷ መንገድ ታድርስ፣ አልኩና…»

እማማ አስካለ ከኋላ ወደፊት አዘነበሉ። «ግዕዝ! እኔ ደሞ ዓረብኛ መስሎኝ! ሀጂ አጠገቧ ሆነው አሚን ሲሉ የእርስዎ ነው ብዬ እንጂ!»

«የእኔ? ዓረብኛውን እኔ አላውቀውም ነው?»

«እኔስ ግዕዙን ከቅዳሴ አልሰማውም ነው?»

ሽኩር መሪው ላይ ተደፍቶ መሳቅ ጀመረ። ሳቁ ወንበር ለወንበር እየተሻገረ እስከ መጨረሻው ደረሰ። ሀጂ ግን አልሳቁም።

«ቆይ፣ ቆይ። ምን እያልሽን ነበር ታዲያ?»

አንገቴን ደፍቼ ተረጎምኩ። እኛ መኪናው ውስጥ ነን። እሳቸው አጠገቤ ናቸው። እሳቸው ከኋላዬ ናቸው። ልጃቸው መንገድ ላይ ነው። ዶሮዋ ወንበሩ ሥር ናት።

ሀጂ ጺማቸውን እየነካኩ አሰቡበት። «ዶሮዋን ተያት» አሉ በመጨረሻ። «መኪናው ውስጥ ከሆንን ገደል አልገባንም ማለት ነው። የአስካለ ልጅ መንገዱ ላይ ከሆነ ከመንገዱ አልወጣም ማለት ነው። ሰው ሁሉ ያለበት ቦታ ካለ፣ ሌላ ምን ሊለመን ኖሯል? አሚኔን አልመልስም። ንዳ ሽኩር! ልጅቱ ፈተና አለባት!»

ሽኩር ነዳ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መልመጃ ማንም የቋንቋ ተማሪ አላየውም። መኪናው ሁሉ ፈታኝ ሆነ።

«ከዘራዬ የት ነው?» ይላሉ ሀጂ።

«ኢት ኢዝ ኢን ዩር ሃንድ!»

«እኔ የት ነኝ?» ይላል ከኋላ አንዱ። «ሹፌሩስ?» «ጭጋጉስ?» «የአስካለ ዘንቢል?» «ከተማው ታየ፣ ከተማውስ?» አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ይወረወራል። አንገቴን መስበሩን ረሳሁት፤ ለሀጂም ሰበር ሳላደርግ «ሂ» አልኩ፣ እሳቸውም ደስ ብሏቸው ሳቁ። ሽኩር ከመንገዱ ወጥቶ ፋብሪካው በር ድረስ አደረሰኝ። «ሂጂ! ሩጪ! አላህ ይርዳሽ! ድንግል ትከተልሽ!» ሲሉኝ በሩጫ ገባሁ።

ተራዬ ደርሶ ስገባ ፈታኞቹ ሁለት ናቸው፤ አንድ የውጭ አገር ሰው፣ አንዲት ቀልጣፋ የሰው ኃይል ኃላፊ። ሰውየው ደክሞታል፤ ከእኔ በፊት የገቡት ብዙ ናቸው። ጭንቅላቱን ሳያነሳ የትምህርት ማስረጃዬ የት እንዳለ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ።

እጄን ወደ ትከሻዬ ሰደድኩ። ባዶ።

ማሳበቢያ ቃል አላውቅም፣ ይቅርታም አልመጣልኝም። የመጣልኝ የለመድኩት ብቻ ነው። «ኢት ኢዝ ኢን ዘ ባግ» አልኩ። ቦርሳው ውስጥ ነው። «ዘ ባግ ኢዝ አንደር ዘ ሲት።» ቦርሳው ወንበሩ ሥር ነው። «ዘ ሲት ኢዝ ቢሃይንድ ዘ ድራይቨር።» ወንበሩ ከሹፌሩ ጀርባ ነው። «ዘ ድራይቨር ኢዝ አት ዘ ስቴሽን።» ሹፌሩ መናኸሪያው ጋ ነው።

ሰውየው ጭንቅላቱን አነሳ።

ኃላፊዋ በአማርኛ «እህቴ፣ ለዕቃ ግምጃ ቤት እኮ ነው የምትወዳደሪው» አለችኝ። «የራስሽን ዕቃ ጥለሽ መጣሽ?»

«አልጣልኩትም» አልኳት። «ያለበትን አውቃለሁ።»

ሰውየው ምን አለች ብሎ ጠየቃት። ስትነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠና ሳቀ። ጠዋቱን ሙሉ ስለ ራሱ ብዙ የነገረኝ ሰው እንጂ አንድ ዕቃ የት እንዳለ በትክክል የነገረኝ ሰው አልገጠመኝም አለ፤ ኃላፊዋ ናት የተረጎመችልኝ። ማስረጃው ከምሳ በፊት ከመጣ ሥራው የእኔ ነው፤ ካልመጣ ከእኔ ቀጥሎ ላለው ይሰጣል።

በር ጠባቂውን ስልክ ለምኜ ወደ ራሴ ስልክ ደወልኩ። ተነሳ።

«ሀሎ፣ ማን ልበል?» የእማማ አስካለ ድምፅ ነው።

«እማማ፣ እኔ ነኝ!»

«አንቺማ የለሽም ልጄ፣ ስልክሽን ጥለሽ ሄደሻል።»

«አውቃለሁ እማማ፣ እኔው ነኝ የምደውለው! ቦርሳው ያስፈልገኛል፣ አሁኑኑ!»

«እሱን ይዘን በባጃጅ እየመጣን አይደል እንዴ! ሀጂ ሹፌሩን አፍጥን እያሉ እየነዘነዙት ነው። አይዞሽ።»

መጡ። ጨርቋ ቦርሳ ስትሄድ ቀጭን ነበረች፤ ስትመለስ ሆዷ ተነፍቷል። ምን እንደሆነ ሳላይ እየሮጥኩ ገባሁና በኃላፊዋ ፊት ከፍቼ ማስረጃዬን ሳብ ሳደርግ፣ ከማስረጃዬ ጋር አንድ እቅፍ የገብስ ቆሎ ተዘረገፈ። ፈተና ረጅም ነው፣ ይርባታል ብለው እማማ አስካለ ከዘንቢላቸው ገልብጠውልኝ ኖሯል። በወረቀቶቹ ላይ፣ በማኅተሙ ላይ፣ በሰውየው ብርጭቆ ዙሪያ ተበተነ።

ኃላፊዋ ማስረጃውን አገላብጣ አየች። ከዚያ አንድ ፍሬ አንስታ ቆረጠመች። «ሰኞ ግቢ» አለችኝ።

ሰውየው አንዲቱን ፍሬ በጣቱ ይዞ ወደ ዓይኑ አስጠጋና ይህ ምንድን ነው ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። የቆሎን ስም በእንግሊዝኛ አላውቀውም፣ ያላወቅሁትን ደግሞ አልልም።

«ኢት ኢዝ ኦን ዘ ቴብል» አልኩት። ጠረጴዛው ላይ ነው።